የምክር ዓምድ፦ «በሁለት ካርድ የምታከም አንድ ሰው ነኝ»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እህቴ፣

ዕድሜዬ 51 ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ጣና ላይ ሞተር ጀልባ የምነዳ ሰው ነኝ። ጎብኚ ሲኖር ጎብኚ፣ ሲጠፋ ደግሞ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ተሳላሚ አመላልሳለሁ። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሜ እንዳለ ያወቅሁት በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ማራዘሚያውን ስወስድ አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ታውቃለች፤ እሷ ነፃ ናት፣ ሦስቱ ልጆቻችንም ነፃ ናቸው። ልጆቹ ግን የእኔን አያውቁም።

መድኃኒቴን የምወስደው እዚህ አይደለም። ያን ጊዜ ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው ካርድ ያወጣሁት። አሁን በየ6 ወሩ ነው የምሄደው። ከ4 ዓመት በፊት ደግሞ ደም ግፊት ተገኘብኝ። እሱን የሚከታተለኝ ሰፈራችን ካለ ክሊኒክ የሚሠራ ጤና መኮንን ነው። የባለቤቴ የአክስቷ ልጅ ነው፤ የሚካኤልን ማኅበር አብረን እንጠጣለን። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጽፎልኛል። ወገቤን ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ ይሰጠኛል፤ ሲያልቅብኝ ራሴ ከፋርማሲ እገዛለሁ። ስለ ቫይረሱ አያውቅም። ማዶ፣ በዚያኛው ከተማ ላሉትም ስለ ግፊቱ ነግሬያቸው አላውቅም፤ አልጠየቁኝም፣ እኔም አላነሳሁትም። በሁለት ካርድ የምታከም አንድ ሰው ነኝ።

ባለፈው ቀጠሮዬ ደም ወሰዱና ክሬቲኒን 1.4 ነው አሉኝ። በ2012 ዓ.ም.፣ መድኃኒቱ ወደ አሁኑ ከመቀየሩ በፊት፣ 1.1 ነበር። ነርሷ «ኩላሊትዎ ትንሽ የደከመ ይመስላል፤ በ2 ሳምንት ይመለሱና እንድገመው» አለችኝ። አልተመለስኩም። ወረፋ ላይ አጠገቤ የነበረ ሰው «ቴኖፎቪሩ እኮ ነው ኩላሊት የሚጨርሰው፤ እኔ ቀን እየዘለልኩ ነው የምውጠው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም አንድ ቀን ውጬ አንድ ቀን እተዋለሁ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ባለቤቴ ብልቃጡን አይታ «ምነው አልጎድል አለ?» ብትለኝ «ትርፍ ሰጥተውኝ ነው» አልኳት። የላቦራቶሪውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ ከጀልባው ወንበር ሥር ደብቄዋለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባችን ለዲያሊሲስ፣ ደሙን በማሽን ለማጣራት ሲል ጀልባውን ሸጧል። ያንን እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። መድኃኒቱን ባቆም ቫይረሱ ይጥለኛል፤ ብቀጥል ኩላሊቴ ያልቃል። የቱን ልምረጥ? ለዘመዴስ ልንገረው? ብነግረው ነገ ማኅበሩ ሁሉ የሚሰማው ይመስለኛል። ክብደቴ 62 ኪሎ ነው፤ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጻፍኩት።

የጣናው ጀልባ ነጂ

*

ጋሼ፣

ክብደትዎን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ በእርግጥም ይጠቅማል፤ እመለስበታለሁ። ደብዳቤዎን ስጨርስ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ያ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ነው። ተሳላሚ ይቀመጥበታል፣ ክብራን ደርሶ ይመለሳል፣ ማንም አያውቅም። እርስዎ ብቻ መሪውን እንደያዙ ያስቡታል። ሦስት ሳምንት ረጅም ጊዜ ነው፣ ብቻዎን ሲሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል።

ሌላውን ሁሉ ከማንሳቴ በፊት የዛሬውን ማታ ልለምንዎት። ኪኒንዎን ዛሬ ይዋጡ፣ ነገም ይዋጡ። ያለፈውን ለማካካስ ሁለት አይዋጡ፤ እንደ ወትሮው በቀን አንድ። የሚቀየር ነገር ካለ የሚቀይሩት ሐኪሞቹ ናቸው፤ እስከዚያ ግን ቀን መዝለሉ ይቅር።

ይህን የምለው ኩላሊትዎን ረስቼው አይደለም። ወረፋ ላይ ያገኙት ሰው የተናገረው ነገር ሥር የሌለው ወሬ ስላልሆነ ከየት እንደመጣ ልንገርዎት። ቴኖፎቪር ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ቴኖፎቪርን ለብቻው የሚወስድ ከሆነ፣ ሐኪሙ በ2 ቀን አንድ ጊዜ እንዲወስድ የሚያዝበት ሁኔታ አለ። የእርስዎ ኪኒን ግን አንድ ፍሬ ውስጥ ሦስት መድኃኒት የያዘ ነው፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉተግራቪር። ቴኖፎቪሩን ልቀንስ ብለው አንድ ቀን ሲዘሉ ሌሎቹ ሁለቱም አብረው ይዘለላሉ፤ ቫይረሱም በየሁለት ቀኑ ፋታ ያገኛል። ያ ሰው ሌላ ሰው የታዘዘለትን ነገር ነው ለራሱ የወሰደው፤ ለእርስዎም ያቀበለው ያንኑ ነው።

ደግሞ ኩላሊትን ለማዳን መድኃኒት ማቋረጥ የተሞከረ ነገር ነው ማለት ይቻላል። በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ ስማርት የተባለ ትልቅ ጥናት ነበር፤ በ33 አገሮች ከ5,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ደግሞ የመከላከያ አቅማቸው እየታየ እያቋረጡ ጀመሩ። የተጠበቀው ያቋረጡት ከመድኃኒቱ ጉዳት እንዲያርፉ ነበር። የሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ በሞትም፣ በከባድ የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመምም የተጎዱት ያቋረጡት ሆኑ። ቫይረሱ ራሱ ልጓሙ ሲላላለት ኩላሊትን ይጎዳልና። ስለዚህ «የቱን ልምረጥ» ብለው የጠየቁኝ ነገር፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ሁለት መንገድ የለውም። መድኃኒቱን መተው ከኩላሊትም አያስጥልም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ጀልባው ላይ ሲሆኑ ያውጡትና አብረን እናንብበው።

ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ኩላሊት በሽንት ያስወግደዋል፤ ማስወገዱ ሲቀንስ ደም ውስጥ ይከማቻል። ቁጥሩ ለብቻው ብዙም አይናገርም፤ 1.4 ለአንድ ወፍራም ጎረምሳና ለአንዲት ቀጭን አሮጊት እኩል ትርጉም የለውም። ለዚህ ነው ዕድሜና ክብደት የሚገባበት። ሐኪሞቹ የሚጠቀሙበት አንድ የድሮ ስሌት አለ፤ በስልክዎ ካልኩሌተር ይሞክሩት። ከ140 ላይ ዕድሜዎን ይቀንሱ፣ 89 ይመጣል። በ62 ኪሎ ያባዙት። ከዚያ 72ን በ1.4 አባዝተው ለዚያ ያካፍሉት። 55 ገደማ ያገኛሉ። ይህ ኩላሊትዎ በደቂቃ የሚያጣራው መጠን ግምት ነው፤ በሚሊ ሊትር። በ2012 ዓ.ም. ክብደትዎ ይኸው ከነበረ፣ በያኔው ዕድሜዎና በ1.1 ሲሰላ 74 ገደማ ነበር ማለት ነው። (ለሴት ውጤቱ በ0.85 ይባዛል፤ ይህን ደብዳቤ እያነበበች ካልኩሌተር ያነሳች ካለች ብዬ ነው።)

ወርዷል። አልደብቅዎትም። ግን 55 የት ላይ ነው? ጀልባውን የሸጠው ባልደረባዎ የደረሰበት ቦታ፣ ኩላሊት ሥራ አቆመ የሚባለው፣ ከ15 በታች ነው። እርስዎ ዳር ላይ ቆመው ስለ ማዶው ነው የሚፈሩት። የረጅም ጊዜ የኩላሊት ሕመም ለማለት እንኳ ከ60 በታች ሆኖ ወይም ሽንት ውስጥ ፕሮቲን እየታየ ቢያንስ 3 ወር መቆየት አለበት። እርስዎ እጅ ያለው አንድ ቀን የተወሰደ አንድ ቁጥር ነው። ነርሷ ተመለሱ ያለችዎት ለዚህ ይመስለኛል።

እርስዎ የሞተርዎ ድምፅ ሲቀየር ሞተሩ ተቃጠለ ብለው አይጥሉትም። መጀመሪያ ከፍ አድርገው ፕሮፔለሩ ላይ እምቦጭ ተጠምጥሞ እንደሆነ ያያሉ፤ ከዚያ ነዳጁን፣ ከዚያ ሻማውን። እዚህም እንደዚያው ነው። ቁጥሩን ሊያወጡት የሚችሉ ብዙ ነገሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ኩላሊትን ጨርሶ አይነኩም።

ከእነዚህ አንዱ ዶሉተግራቪር ነው። በ2012 መድኃኒትዎ ሲቀየር የገባው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ይህ መድኃኒት ክሬቲኒን ከሚወጣባቸው ሁለት በሮች አንዱን በከፊል ይዘጋል። ማጣሪያው እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜ በ0.1 ወይም ትንሽ በለጥ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወጥቶ እዚያው ይቆማል። የእርስዎ 1.1 ከመቀየሩ በፊት የተወሰደ ስለሆነ፣ ከጭማሪው የተወሰነው ይኼ ሊሆን ይችላል። ያንን ቀንሰው ቢያሰሉት ወደ 60 ይጠጋል። ኢንፌክሽን ለመከላከል የሚሰጠው ባክትሪምም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ይወስዱ ይሆን? አልጻፉልኝም።

ቴኖፎቪር ራሱ ንጹሕ ነው አልልም። ብዙኃኑ ሰው ለዓመታት ያለ ችግር ይወስደዋል፤ በጥቂቱ ሰው ላይ ግን የኩላሊቱን ቀጫጭን ቱቦዎች ይጎዳል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሰውነት ሲቀጥን፣ ግፊት ወይም ስኳር ሲኖር አደጋው ይጨምራል፤ እርስዎ ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ አሉብዎት። ይህን ለመለየት የሽንት ምርመራ ያግዛል። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከታየ፣ ወይም የደም ስኳር ደህና ሆኖ ሳለ ሽንት ውስጥ ስኳር ከተገኘ፣ ሐኪሙ ቴኖፎቪሩን ይጠረጥራል። በጊዜ ከተደረሰበት በሌላ ይተካል፤ አባካቪር አለ፤ ለኩላሊት ቀለል ያለ ሌላ ዓይነት ቴኖፎቪርም አለ። በጊዜ ሲቀየር ኩላሊቱ ብዙውን ጊዜ ያገግማል። «ብቀጥል ያልቃል» የሚሉት ነገር እውነት የሚሆነው ማንም ሳይመለከተው ሲቀር ነው።

ግፊቱስ? ስንት ነው የሚለካዎት? እሱንም አልጻፉልኝም፤ ምናልባት ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይኼ ሊሆን ይችላል። ያልተያዘ ግፊት ዓመት ቆጥሮ ኩላሊትን ይበላል፤ ቫይረስ ባለበትም በሌለበትም ሰው።

አሁን ደግሞ ወደምፈራው ነገር ልምጣ። ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ዳይክሎፌናክ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገናኙ፣ ቴኖፎቪር ባይኖር እንኳ፣ ኩላሊትን ይጨንቁታል። ኢናላፕሪል ከማጣሪያው መውጫ በኩል ያለውን የደም ሥር ያላላል፤ ዳይክሎፌናክ በመግቢያው በኩል ያለውን ያጠባል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውኃውን ያስወጣል። ለማጣራት የሚያስፈልገው ግፊት ይጠፋል። በዚህ ላይ ቴኖፎቪር ሲጨመር ምን እንደሚሆን ያስቡት። የግፊቶቹ ኪኒኖች ጥፋተኞች አይደሉም፤ እነሱን እንዳይተዉ አደራ፤ በተለይ ኢናላፕሪል በአግባቡ ሲከታተሉት ኩላሊትን የሚጠብቅ መድኃኒት ነው። መውጣት ያለበት ሦስተኛው ነው።

ዳይክሎፌናክን ዛሬውኑ ያቁሙ። ኢቡፕሮፌንንም በምትኩ አይግዙ፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለወገብዎ ፓራሲታሞል በልኩ መውሰድ ይችላሉ። ብዙ ሰው ዳይክሎፌናክን እንደ መድኃኒት እንኳ እንደማይቆጥረው አውቃለሁ፤ «ማስታገሻ ናት» እንላለን፣ ከማስቲካ ጋር አብረን እንገዛለን። እኔም ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ስትሪፕ አላጣም። ለእርስዎ ግን ከዚህ በኋላ አይሆንም።

ወገብዎን ካነሳን፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሕመሙ ገመድ ሲጎትቱና ሞተር ሲያስነሱ ይብሳል? ሲተኙስ ይቀላል? እኛ አገር ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል፤ እውነተኛው የኩላሊት ድካም ግን ሲጀምር አያምም፣ ድምፅም የለው። ሲጎነበሱ የሚብስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻና የአከርካሪ ነው። ትኩሳት ካለው፣ ሽንትዎ ደም ከመሰለ፣ ወይም ጎንዎን እንደ ምጥ እየያዘ ከለቀቀ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን ለሐኪም ይንገሩ። ታዲያ ነገሩ የሚያሳዝነው ይኼ ነው፤ ምናልባት ደህና በነበረ ኩላሊት ላይ «ኩላሊቴን አመመኝ» ብለው የሚጎዳውን መድኃኒት ሲውጡ ቆይተው ይሆናል።

ሌላው ጥርጣሬዬ ውኃ ነው። ጀልባ ነጂዎች ከማለዳ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ውለው አንድ ብርጭቆ ውኃ እንደማይጠጡ አውቃለሁ፤ ሴት ተሳላሚዎች ይዞ ሐይቅ መሀል ሽንት ከሚያስቸግር ብለው። እርስዎም እንደዚያ ነዎት? ለምርመራ ደም የሰጡ ቀን ምን ቀምሰው ነበር? ለሊት ተነሥተው፣ ሳይጠጡ፣ ሁለት ሰዓት በመኪና ተጉዘው ከሆነ ቁጥሩ ለዚያም ሊወጣ ይችላል። ውኃ በጀሪካን ይጠጡ አልልም፤ ጥም ሳይበረታ እንደ ልማድ መጠጣቱ በቂ ነው። ስለ ጠበሉ ደግሞ፣ እዚያ ሰፈር ስለሚውሉ አንድ ሰው አንድ ቀን «ኪኒኑን ትተህ ተጠመቅ» ማለቱ አይቀርም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ሁለቱንም ይያዙ። ገበያ ላይ ለኩላሊት ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን የሥራ ሥር ውኃ ግን ይለፉት፤ ምን እንዳለበት ሻጩም አያውቅ።

አንድ ትንሽ ነገር ላክል፤ ቫይረሱ ያለበት ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኩላሊቱ ይሞታል የሚል ነገር ሰምተው ከሆነ። ቫይረሱ በቀጥታ የሚያመጣው አንድ ከባድ የኩላሊት በሽታ አለ፤ እሱ የሚበረታው ምዕራብ አፍሪካ ላይ በብዛት የሚገኝ አንድ የዘረ መል ልዩነት ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቫይረሱ ያለባቸውን ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢመረምር ያንን ልዩነት አላገኘም፤ በሽታውንም እንዲሁ። ደስ የሚል ነገር ነው። ከግፊትና ከዳይክሎፌናክ ግን አያድንም፤ ስለዚህ ብዙ አንመካበት።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ካርድዎ። እስካሁን የዘረዘርኩትን ሁሉ ቢያዩት፣ አንድም ሐኪም ሙሉውን አያውቅም። ማዶ ያለችው ነርስ ቴኖፎቪሩን ታውቃለች፣ ግፊቱንና ዳይክሎፌናኩን አታውቅም። እዚህ ያለው ዘመድዎ ግፊቱን ያውቃል፣ ቴኖፎቪሩን አያውቅም። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ይሠራሉ። በመካከል ያለው ኩላሊት ነው።

እርስዎ የጠየቁኝ ለዘመዴ ልንገረው ወይ ብለው ነው። ፍርሃትዎን አላቃልለውም። የጤና ባለሙያ የታማሚውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ያንን እርስዎም ያውቁታል፤ ማኅበር ላይ ጠላ ቀርቦ ጨዋታ ሲደራ ግዴታ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ደግሞ ሰውየውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እኔ አላውቀውም። ከ17 ዓመት በፊት ሁለት ሰዓት ተጉዘው ካርድ እንዲያወጡ ያደረገዎት ነገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ እኔ ከዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ «አይፍሩ» ብል ቀላል ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ ብለዋል? ምሥጢሩ በሁለት አቅጣጫ ነው ያለው፤ አንደኛው ደግሞ ምንም አያስከፍልዎትም። ማዶ ያለችው ነርስ ቫይረሱን ታውቃለች። ዘመድ የለዎትም እዚያ፣ ማኅበር የለዎትም። ለእሷ «ግፊት አለብኝ፣ እነዚህን ኪኒኖች እወስዳለሁ፣ ዳይክሎፌናክም እውጥ ነበር፣ ሦስት ሳምንትም ቀን እየዘለልኩ ነበር» ቢሏት ምን ይጎድልብዎታል? እንደ እኔ ከሆነ ሥራው የሚጀመረው ከዚህ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ያሳፍርዎት ይሆናል። እንደ እርስዎ ያለውን ሰው በየቀኑ ነው የምታየው፤ ይልቁንም ካልነገሯት የቫይረስ መጠን ምርመራው ከፍ ብሎ ቢመጣ መድኃኒቱ አልሠራም ብላ ልትሳሳት ትችላለች።

ለዘመድዎ ደግሞ ለጊዜው ግማሹን መንገር ይችላሉ። «ሌላ ቦታ ተመርምሬ ክሬቲኒኔ 1.4 ሆነ፤ ዳይክሎፌናክ ከእንግዲህ እንዳትሰጠኝ፣ ግፊቴንም በደንብ እንየው» ይበሉት። ይህ ውሸት የለበትም። ለጤና መኮንን ይህን ያህል ማወቅ የእጁን መድኃኒት ለማስተካከል ብዙ ይረዳዋል። «ሌላ ምን ትወስዳለህ?» ብሎ ከጠየቀ ምን እንደሚመልሱ ቀድመው ያስቡበት፤ እዚያ ላይ መዋሸት አይመከርም። ያ ጥያቄ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ግፊቱንም ማዶ እንዲከታተሉልዎት ይጠይቁ፤ ወይም ጊዜው ሲፈቅድ ሁለቱንም ወደ አንድ ጣሪያ ለማምጣት ያስቡ። እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች እዚሁ አሉ፤ የዝውውር ወረቀት ይዞ መምጣት ይቻላል። ከተማው እኮ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሰፍቷል፤ ያኔ ሁሉም ሰው ያውቀኛል ያሉበት ባሕር ዳር ዛሬ እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ይህን ግን አሁን መወሰን የለብዎትም። መጀመሪያ ደሙ ይደገም።

አሁን ስለ ባለቤትዎ። «ትርፍ ሰጡኝ» ያሏትን ዛሬ ቢያርሙት ደስ ይለኛል። ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ደርሶ በዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ እነዚያን ሁሉ ዓመታት እሷን የጠበቃት ይኼው የእርስዎ አለማጓደል ነው። በዚህ ሦስት ሳምንት ውስጥ ምን እንደሆነ ግን የቫይረስ መጠን ምርመራው እስኪነግረን ድረስ አናውቅም። እስከዚያ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ እሷም ትመርመር። ለማስረዳት ይከብዳል። ግን ብልቃጡን አይታ የጠየቀች ሴት ናት፤ ግማሹን ቀድማ ገምታዋለች ብዬ ነው የማስበው። ለመንገዱም እሷን ይዘው ቢሄዱስ? ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ አብሮ መቀመጥ ራሱ አንድ ነገር ነው።

ወደ ማዶ መሄዱ እስከ 6 ወሩ ቀጠሮ አይቆይ፤ በዚህ ሳምንት ይሁን። ካርድዎ ላይ ስልክ ካለ አስቀድመው ደውለው ደሙ የሚወሰድበትን ቀን ይጠይቁ። ዋዜማውን ሥጋ አያብዙ፣ ክሬቲኒኑን ለጊዜው ያወጣዋል፤ ጠዋት ውኃ ጠጥተው ይሂዱ። እዚያ ሲደርሱ ደም ብቻ ሳይሆን ሽንትም እንዲታይ፣ ግፊትም እንዲለካ፣ ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረው እንደሆነም ካርዱ ላይ እንዲያዩልዎት ይጠይቁ። ይኼኛው አስፈላጊ ነው፤ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ያንንም ቫይረስ ስለሚይዙት፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው በድንገት ሲያቋርጣቸው ጉበቱ ሊታመም ይችላል፤ መድኃኒቱ የሚቀየር ከሆነም ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ዳይክሎፌናኩ ጨጓራዎን ሲያቃጥልዎት የሚጠጡት የጨጓራ መድኃኒት ካለ እሱንም ይንገሩ፤ አንዳንዶቹ ዶሉተግራቪርን ሆድ ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ኪኒንዎን ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው ነው የሚውጡት።

በዚህ መካከል ሽንትዎ በጣም ከቀነሰ፣ ፊትዎ ወይም እግርዎ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ማስመለስ ካላቆመ ቀጠሮ የሚባል ነገር ይርሱ፤ ማዶም አይሂዱ፤ ያኔውኑ እዚሁ ቅርብዎ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። እዚያ ሲጠይቁዎት ሁሉንም ይንገሩ፤ ያን ሰዓት ስለ ማኅበር አይታሰብም።

ፌስታሉን አይጣሉት። ወረቀቱን እንደያዘ ቤት ይውሰዱትና የግፊቶቹን ኪኒኖች፣ የተረፈውን ዳይክሎፌናክ፣ የጨጓራውን፣ ብልቃጡን፣ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ይክተቱበት። ማዶ ሲደርሱ ማስረዳት ቢያቅትዎት እንኳ ምንም ሳይናገሩ ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፉት። ሁለተኛው ቁጥር ሲመጣ ይጻፉልኝ፤ ከ1.4ው ጎን አድርገን እናየዋለን። ግፊቱንም አብረው ይጻፉ፤ እሱን አሁንም አልነገሩኝም።